የይመኙሻል ቀኝ እጅ

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የሉማሜ ሾፌር ሚኒባሱን ጋራዡ በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና «ያቺ ጣቷ የተቆረጠው ሴትዮ የለችም?» አለኝ። ሚኒባሱ ከኋላው ያቃስታል፤ ዙሩ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ሊጠፋ ይልና መልሶ ይነሳል።

«ሞታለች» አልኩት።

«ምን! መቼ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው።»

ባርኔጣውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር። እንግዲህ ይህን ማን ሊሠራልኝ ነው?»

ሁሉም እንዲህ ነው። ይመኙሻል ሞተች ሲባል ሰው የሚያዝነው ለመኪናው ነው። ደግ ነበረች የሚል አንድም ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ እኔም አልልም። ክፉ ነበረች። እኔም ለእሷ ክፉ ነበርኩ። ከሁለታችን የማን ክፋት እንደሚበልጥ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ መልሱ እንደ ቀኑ ይለያያል።

«እኔ እሠራልሃለሁ» ስለው ሾፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንተ ሽቦ ትይዝላት የነበርከው አይደለህ?»

አዎ፣ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት የያዝኩላት እኔ ነኝ። ለምን እንደያዝኩላት ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ይመኙሻል የተወለደችው ደብረ ወርቅ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርታ፣ ማርቆስ የሚኖሩት እናቷ አልጋ ላይ ሲውሉ ልታስታምማቸው መጣች። የጋራዣችን ባለቤት ጋሽ ይበልጣል ሲቀጥሯት ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ሃያ ሰባት። ረጅምና ቀጭን ናት። የቱታዋን እጅጌ ክረምት ከበጋ እስከ ክርኗ ትሰበስባለች፤ የማርቆስ ብርድ እሷን የሚመለከታት አይመስልም። ድምጿን ከፍ አድርጋ አትናገርም። ሌላው ሰው ሲሳደብ ይጮኻል፤ እሷ ግን ሰው ሁሉ ዝም እስኪል ትጠብቅና ቀስ ብላ ትናገራለች። ስለዚህ የምትለው ነገር አንድም ሰው አያመልጠውም።

የተቀጠረችው በእኔ ድክመት ነው። አቶ ሰይድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ከማርቆስ ደብረ ወርቅ የምትመላለስ ሚኒባስ ነበረቻቸው። ሞተሯ አርጅቶ ሲያልቅ ከአዲስ አበባ ሌላ ሞተር አስመጡ፤ ካርቡራቶር የሌለው፣ ነዳጁን ኮምፒውተር እየለካ የሚረጭለት ዓይነት። አሮጌውን አውርጄ አዲሱን የጫንኩት እኔ ነኝ። ብረቱን በሚገባ ሠርቻለሁ፤ በዚያ ማንም አይወቅሰኝም። ችግሩ ሽቦው ነበር። ከሞተሩ ጋር አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የተጠላለፈ ሽቦ መጣ። እኔ ደግሞ እስከዚያን ጊዜ የማውቀው የመኪና መብራት፣ ጡሩምባና ዲናሞ ነው። የገባኝን አገናኘሁ። ያልገባኝን ቆርጬ፣ በአንድ ላይ አስሬ ከኋላ ሸጎጥኩት። ሞተሩ ይነሳል፤ እግርህን ከነዳጁ ላይ ስታነሳ ግን ቀጥ ይላል። ሁለት ሳምንት ታገልኩት። አቶ ሰይድ በየቀኑ እየመጡ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጡና ዝም ብለው ያዩኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ይመኙሻል መጣች። በዚያ ሚኒባስ ሞተሩ ያለው ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው፤ ጋሽ ይበልጣል ወንበሩን አንስተው አሳዩዋት። አንገቷን አስግጋ ትንሽ አየችና እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የሸጎጥኩትን እስር አወጣችው።

«ይህን ያሰረው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምንድን ነው?»

«ትርፍ ሽቦ ነው።»

«ትርፍ» ብላ ደገመችው። ጋሽ ይበልጣልን አየች፣ አቶ ሰይድን አየች፣ ጥግ ላይ የሚበይደውን ሰው አየች። ሁሉም ዝም አለ። «አንተ ሰውዬ፣ ላም ነው እንዴ የምታስረው?»

አቶ ሰይድ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥርሳቸው ያልታየው ሰው፣ ከጎማው ላይ ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ጠፋ። ስንሻው የሚለኝ ቀርቶ «ላም አሳሪው» ሆንኩ። ሻይ የምትሸጥልን ሴት ሳትቀር «ላም አሳሪው፣ ስኳር ልጨምርልህ?» ማለት ጀመረች።

ከእስሩ ውስጥ አራቱ ሽቦዎች የሚኒሞ ነበሩ። ሚኒሞ እግር ነዳጁን ሳይረግጥ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ዝቅተኛው ዙር ነው። በድሮው ሞተር አንድ ብሎን ታጠብቃለህ ወይም ታላላለህ፣ አለቀ። በዚህኛው ግን ትንሽ የአየር በር አለች፤ በሯን ደግሞ አውራ ጣት የምታክል ሞተር ኮምፒውተሩ እንዳዘዛት ትከፍታታለች፣ ትዘጋታለች። አራቱ ሽቦዎች የሚሄዱት ወደዚያች ነው። ትርፍ ብዬ የቆረጥኩት የሞተሩን ትንፋሽ ኖሯል።

ይህን ያስረዳችኝ ይመኙሻል ናት፤ ስታስረዳኝ ግን ተንበርክኬ ነበር። ሽቦዎቹን እስክትለካ ድረስ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋታል፤ ወንበሩ ስለተነሳ ደግሞ መቀመጫ የለም።

«መሬት ላይ ተንበርከክና መርገጫውን በእጅህ ተጫነው» አለችኝ። «እኔ እስካገናኘው ድረስ ሚኒሞው አንተ ነህ።»

ከጠዋት እስከ ምሳ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ መርገጫውን ያዝኩ። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው እየቆመ ያየኛል። ትንሽ ስጨምር «ዝቅ!» ትለኛለች፤ ትንሽ ስቀንስ «ተኛህ እንዴ?» ትለኛለች። «ረግጦ ማስሮጥማ ማንም ይችላል። ያለ እግር ቆሞ ሲተነፍስ አሳየኝ!» ይህን እስክትሞት ድረስ ትለው ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሽቦዎቹን ለጊዜው ጠምዝዛ አገናኘቻቸውና በናስትሮ ጠቀለለቻቸው። ተሞክሮ ሲያበቃ በደንብ ልትበይዳቸው ነው። ሐሙስ ነበር። ለምሳ ሁሉም ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ናስትሮውን ፈትቼ፣ ከአራቱ ሽቦዎች ሁለቱን አለዋውጬ መልሼ ጠቀለልኩት። ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ጭቃው ላይ ሳለሁ የነገረችኝ ራሷ ናት። ሁለቱ ሲለዋወጡ ትንሿ ሞተር በተቃራኒው ትዞራለች፤ ኮምፒውተሩ ዝጊ ሲላት ትከፍታለች። ሞተሩ ሲሞቅ ማንም ሳይነካው ብቻውን ይጮኻል። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው፤ በአቶ ሰይድ ፊት ይጮህና እሷም አንድ ቀን ትፈር።

ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ሁላችንም ሚኒባሱን ከበብነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። አቶ ሰይድ ጎማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ይበልጣል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ይመኙሻል በአንደኛው በር በኩል ሞተሩ ላይ አጎነበሰች፤ እኔን በሌላኛው በኩል አቆመችኝ።

«ቁልፉን ያዝ» አለችኝ። «አጥፋ ስልህ ታጠፋለህ። ሌላ ምንም እንዳትነካ።»

አስነሳሁት። ሞተሩ አንዴ ጮኸና ዝቅ አለ፤ ዝቅ እንዳለም ረጋ። እንደ ተኛ ሕፃን ይተነፍሳል። ጋሽ ይበልጣል ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግራ ገባኝ፤ ያልሆኑትን ሽቦዎች አለዋውጬ ይሆን እንዴ? አምስት ደቂቃ ያህል እንዲሁ ቆየ። ከዚያ በድንገት ዙሩ መውጣት ጀመረ። ወጣ፣ ወጣ፣ ሚኒባሱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ጮኸ።

ደስ አለኝ። የማፍርበት ደስታ ነው፤ ግን ደስ አለኝ።

«አጥፋው!» አለች።

ቁልፉ በጣቶቼ መካከል ነው። አቶ ሰይድ ከጎማው ላይ ሲነሱ አየሁ። የጋሽ ይበልጣል ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ትንሽ ይዩት፣ ትንሽ ይስሙት ብዬ ቆምኩ። ሦስት ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም።

«አጥፋው እኮ ነው የምልህ!» ብላ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች።

ከሞተሩ ፊት የሚሽከረከረው ማራገቢያ ድምፁ ለአፍታ ተሰበረና መልሶ ቀጠለ። ያን ጊዜ አጠፋሁት። ይመኙሻል አልጮኸችም። እጇን አውጥታ፣ የተሰበረ መሣሪያ እንደምታይ ሁሉ አገላብጣ አየችው። አቶ ሰይድ ከአንገታቸው ሻላቸውን አውልቀው ጠመጠሙላትና ባጃጅ አስቁመው ይዘዋት ሄዱ።

«ጣቶቿን ፈልግ!» አሉኝ ጋሽ ይበልጣል። «ምናልባት ይሰፉላት ይሆናል።»

ከሚኒባሱ ሥር በደረቴ ገባሁ። ሦስት መሆን አለባቸው፤ ሁለት አገኘሁ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሆስፒታል ሮጥኩ። ሐኪሙ ገልጦ አየና ጨርቁን መልሶ ሰጠኝ። እዚያው ኮሪደር ላይ ምን እንደማደርጋቸው ጠፍቶኝ ብዙ ቆምኩ። በኋላ ከጋራዡ ጀርባ ቀበርኳቸው።

በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጋራዡ ውስጥ ሰው አለመኖሩን አይቼ ናስትሮውን ፈታሁ። ሽቦዎቹን መልሼ አለዋወጥኳቸው። ሥራዬን ማንም እንዳያገኘው።

ይመኙሻል የተመለሰችው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ሚኒባሷ እንደቆመች ነበረች፤ ደም የነካት መኪና ብለን ማናችንም አልተጠጋናትም፣ አቶ ሰይድም ቶሎ በሉ አላሉንም። ከቀኝ እጇ አውራ ጣቷና ትንሿ ጣቷ ብቻ ቀርተዋል። ጋሽ ይበልጣል ተነስተው እንኳን ደህና መጣሽ ሲሏት በራሷ ብቻ ሰላም አለቻቸውና በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«ና። ወንበሩን አንሳ።»

አነሳሁ። አጎንብሳ ወደ ውስጥ አየች። በግራ እጇ ከኋላ በኩል አንዲት ቱቦ ገፋ አደረገች። ከዚያ «ናስትሮውን ፍታ» አለችኝ። ፈታሁ። ሽቦዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ሽቦዎቹን አየች። ፈገግ አለች። ከመጣች ጀምሮ ፈገግ ስትል ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው።

«እነዚህን ሁለቱን አለዋውጣቸው» አለች።

ደነገጥኩ። በእኔ ቤት ወደ ቦታቸው መልሻቸዋለሁ። በድንጋጤ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ አለዋወጥኳቸው። አስነሳነው፤ ሞተሩ ሞቀ፣ ዙሩም አንድ ቦታ ላይ ቆመ። አቶ ሰይድ መኪናቸውን ይዘው ሄዱ።

«ከነገ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው የምትሠራው» አለችኝ። ጋሽ ይበልጣልን አልጠየቀችም፤ እኔንም አልጠየቀችም።

ዘጠኙ ዓመት እንዲህ ጀመረ። እሷ ትቆማለች፣ እኔ አጎነብሳለሁ። ግራ እጇን ቱታዋ ኪስ ውስጥ ትከታለች፤ ሽቦ የምታመለክተኝ በዚያች በቀረችው ትንሽ ጣት ነው። በጤነኛው እጇ ማመልከት ስትችል ሆን ብላ ያንን ከዓይኔ ሥር ታመጣዋለች። ስሳሳት አትሳደብም፤ «ፍታው» ትላለች። ሁሉን ፈትቼ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። «እትዬ፣ ይህች አንዷ ብቻ እኮ ናት የተሳሳተችው» ስላት «ፍታው» ትላለች።

ሰው ደግሞ እጇን ማየቱ አይቀርም። ደንበኛ ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷ መልሳ አታውቅም። «ስንሻው ይንገርህ» ትላለች። ሰውየው ወደ እኔ ይዞራል።

«ማራገቢያ ቆርጧት ነው» እላለሁ።

«ሌላስ?» ትላለች።

«ሞተሩ በድንገት ዙር ጨምሮ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«የለም» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ይህን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ አደረግነው። ጋሽ ይበልጣል ጨዋታችን መስሏቸው ይስቁ ነበር።

አንድ ጊዜ ደጀን ተጠራን። ሰው የጫነ ሚኒባስ የዓባይን ቁልቁለት ሊጀምር ሲል ሞተሩ እግር በተነሳ ቁጥር እየጠፋ አስቸግሮ ቆሟል። ተሳፋሪው በጉም ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ መንገድ ዳር ይጠብቃል። የሚኒሞዋ ሞተር ተቃጥላ ኖሮ በሌላ ቀየርናትና ሽቦዋን ማገናኘት ጀመርኩ። ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት አንዱን ሽቦ አላጠበቅሁትም። ይመኙሻል ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

«ፍታው።»

«እትዬ፣ ሰዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል።»

«ይቁሙ። ታች ወርደው ዓባይ መሀል ላይ ከሚቆሙ እዚህ ይቁሙ። ፍታው።»

ፈታሁት። ሕፃን ያዘለች አንዲት ተሳፋሪ ሴት ወደ ይመኙሻል ቀረብ ብላ እጇን አየችና «እኔን! ምን አገኘሽ እህቴ?» አለቻት።

«ስንሻው ይንገርሽ።»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሽቦው በአፌ ነበር። አውጥቼ የዘወትሩን ተናገርኩ። «ሌላስ?» አለች። ጉም ውስጥ የቆመው ያ ሁሉ ሰው መልሴን ጠበቀ። «ሌላ የለም» አልኩ።

ስንመለስ ሉማሜ ላይ ቆምን። እዚያ ሻይ ስንጠጣ አንድ የማውቀው መካኒክ ከሩቅ አይቶኝ «ላም አሳሪው!» ብሎ ተጣራ። ይመኙሻል ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሰው ዝም እስኪል ጠበቀች። «እሱን እንዲህ የምለው እኔ ነኝ» አለችው። «አንተ ስሙን ጥራው።» ሰውየው የሚገባበት ጠፋው። ስለ እኔ የተናገረችው ደግ ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ ደግ ከሆነ።

ለምን ትተሃት አልሄድክም የሚል ይኖራል። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ጥሩ ሥራ ተገኘልኝ። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ሂድ» አለችኝ። «ግን ከመሄድህ በፊት ለጋሽ ይበልጣል የምትነግራቸው ነገር ካለህ ንገራቸው። ከሌለህ እኔ እነግራቸዋለሁ።» ባሕር ዳር ቀረ። እንደምታውቅ በዚያን ቀን አረጋገጥኩ። ከዚያ በኋላ አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ቤት ሠራሁ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ቱታዬን ለብሼ የእሷ እጅ ነበርኩ። ሥራውን ደግሞ አስተማረችኝ፤ ይህን ብክድ ውሸታም ነኝ። ዛሬ በዚህ መንገድ ላይ በኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ሲያምፅ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ የማገናኘው ሽቦ ሁሉ አንድ ቀን «ፍታው» የተባልኩበት ነው።

በዘጠነኛው ዓመት ታመመች። ሆዷን ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ታይታ ተመለሰች፤ ከተመለሰች በኋላ ጋራዥ አልመጣችም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አስጠራችኝ። እናቷ ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል፤ እህቷ እናና ከደብረ ወርቅ መጥታ ታስታምማታለች። ይመኙሻል ትራስ ተደግፋ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ያ ረጅም ቁመቷ ብርድ ልብሱ ሥር ያለ አይመስልም።

«እናና፣ ትንሽ ውጭ ቆይ» አለች። እህቷ ስትወጣ «ተቀመጥ» አለችኝ።

«እንዴት ነሽ እትዬ?»

«እንደምታየኝ። ስለዚያች ዓርብ ልነግርህ ነው።»

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«ሽቦዎቹን ሐሙስ አለዋወጥካቸው። እኔ ዓርብ ከሁላችሁ ቀድሜ ገብቼ አየኋቸው። አንተ ናስትሮ ስትጠቀልል ጫፉን ወደ ውስጥ ታጥፋለህ፤ እኔ አላጥፍም። ፈትቼ መለስኳቸው።»

«መለስሻቸው?»

«መለስኳቸው። ሞተሩን ስታስነሳው ሽቦው ልክ ነበር። ዙሩ የጨመረው የአየር ቱቦዋን በደንብ ሳልገፋት ቀርቼ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ስለተነቀለች ነው። እጄን የሰደድኩት እሷን ልመልሳት ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንተ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጉድህን ልትደብቅ ገብተህ የተስተካከለውን መልሰህ አበላሸኸው። ስመለስ ሳየው ሳቄ መጣ።»

ምን እንደተሰማኝ ለመናገር ይከብደኛል። ዘጠኝ ዓመት አንድም ሌሊት ሙሉውን ተኝቼ አላውቅም። የሴትን ልጅ እጅ የቆረጥኩ እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት። እንባዬ መጣ፤ እንባዬ እየወረደ ደግሞ ሳቅሁ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም እትዬ?»

«እጅ ያስፈልገኝ ነበር» አለች። «እናቴን ማን ያበላልኝ? ብነግርህ አንድ ቀን አታድርም ነበር።»

«አላድርም ነበር» አልኩ፣ አሁንም እየሳቅሁ። መቆጣት ነበረብኝ፤ አልተቆጣሁም። ቁጣው የመጣው ኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ቀለል አለኝ። እግዚአብሔር ይስጥሽ ልላት አፌን ከፈትኩ።

እሷ ፊቴ እስኪፈታ ነበር የምትጠብቀው።

«ሽቦው ያንተ ጥፋት አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ቱቦውም ያንተ አይደለም። ቁልፉ ግን ያንተ ነው። አጥፋው ስልህ ቀና ብዬ አይቼሃለሁ። እጅህ ቁልፉ ላይ ነበር። እኔን አልነበረም የምታየው፤ አቶ ሰይድን ነበር የምታየው።»

«እትዬ...»

«ሽቦውንማ ያን ጠዋት ራሱ ይቅር ብዬሃለሁ። በሰው ፊት አዋርጄህ ነበር፤ ብትናደድ አይፈረድብህም። ቁልፉን ግን ሞከርኩ፤ ዘጠኝ ዓመት ሞከርኩ። በየቀኑ ሌላስ ስልህ አንድ ቀን ትናገረዋለህ ብዬ ነበር።» ዓይኗን ጨፈነች። «አሁን ሂድ። እናናን ጥራልኝ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አዎ፣ ቆሜ ነበር፣ እንድታፍሪ ብዬ ነው የቆምኩት ማለት ነበረብኝ። ከአፌ አልወጣም። ተነስቼ እናናን ጠራሁ። በሩ ላይ ስደርስ ዞር ብዬ አየኋት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተች። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ልጠይቃት አልሄድኩም።

ለቀብር ብዙ ሰው ወጣ። በሕይወቷ ማንም አይወዳትም ነበር፤ ግን ከደጀን ወዲህ ያለ ሾፌር ሁሉ የመጣ ይመስል ነበር፣ መንገዱ በሚኒባስ ተሞላ። አቶ ሰይድ አርጅተው በከዘራ መጡ። የእድሩ ሰዎች ሣጥኑን ከቤት አውጥተው ሊያነሱ ሲሉ እኔም በቀኝ በኩል ቦታ ይዤ እጄን ዘረጋሁ። እናና ከለቀስተኛው መሀል ወጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ስንሻው፣ አንተ አትያዝ።»

«ምን አልሽ?»

«ቃሏ ነው። ሣጥኔን ስንሻው እንዳይነካ ብላኛለች።»

ዙሪያችን ያለው ሰው ሰማ። ጋሽ ይበልጣል ቀረብ ብለው «ኧረ ተይ እናና! ይህ ልጅ እኮ ዘጠኝ ዓመት እጇ ሆኖ የኖረ ነው» አሏት።

«ምን ላድርግ ጋሽ ይበልጣል?» ብላ አለቀሰች። «አስምላኛለች እኮ። እጁ አያርፍብኝ ብላ አስምላኛለች።»

ለቀቅሁ። በእኔ ቦታ አንድ የማላውቀው ሾፌር ገባ። ከሰዉ ሁሉ ኋላ ሆኜ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አንዳንዱ እየዞረ ያየኛል። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጨነቀኝ፤ ኪሴ ከተትኳቸው፣ አወጣኋቸው፣ ወደ ኋላ አጣመርኳቸው።

ጸሎቱ አልቆ ሣጥኑ ወረደ። አፈር መመለስ ሲጀመር ከአንዱ ሰው አካፋ ተቀበልኩ። ስለ አፈሩ የተናገረችው ነገር የለም፤ እናናም አየችኝና ዝም አለች። አፈሩ ዝናብ የመታው ጥቁር ጭቃ ነው፣ ከአካፋው አልላቀቅ ይላል። ኮቴን አውልቄ ሣር ላይ ጣልኩና መለስኩ። አብረውኝ የነበሩት ሁለት ሰዎች ደክሟቸው ለሌሎች አቀበሉ፤ እኔ አላቀበልኩም። መዳፌ ተላጠ። ሰዎቹ ሲያቆሙ ብቻዬን ቀጠልኩ። ዙሪያው ጸጥ ማለቱን የሰማሁት የደብሩ ቄስ ትከሻዬን ሲነኩኝ ነው።

«በቃ ልጄ፣ ሞልቷል» አሉኝ።

ሁለተኛ ሳይናገሩ አካፋውን ጣልኩት።